«ጊዜ የለንም» የሚሉ የእንግሊዝኛ መምህራንን ወደ ምርምር እንዴት እናምጣ?

ጥያቄ፦ «ሜልበርን ውስጥ ለአዋቂ ስደተኞች እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ 14 መምህራንን አስተባብራለሁ። ዘጠኙ የሚከፈላቸው በሰዓት ነው። ተማሪዎቻችን ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ፣ ከሶማሊያ፣ ከአፍጋኒስታንና ከምያንማር የመጡ ሲሆኑ ብዙዎቹ በአገራቸው ትምህርት ቤት የገቡት ለጥቂት ዓመት ነው፤ ጭራሽ ያልገቡም አሉ። ባለፈው ዓመት መምህራኑ በየክፍላቸው ምርምር እንዲሠሩ ማስታወቂያ ለጠፍን። የተመዘገቡት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም መንገድ ላይ ተዉት። ‹ጊዜ የለንም፣ እኛ ተመራማሪዎች አይደለንም› ይላሉ። ምን ዓይነት ምርምር፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ማበረታቻ ማሠራት ይቻላል? እንግሊዝኛ ማንበብ የማይችል ተማሪስ ፈቃዱን እንዴት ይሰጣል?»

ምላሽ፦

«ጊዜ የለንም» ያሉዎትን እንደ ሰበብ አይውሰዱት፤ እውነታቸውን ነው። በሰዓት የሚከፈለው መምህር ክፍያው የተሰላው ክፍል ውስጥ ለሚቆምበት ሰዓትና ለጥቂት ዝግጅት ነው። የስም መቆጣጠሪያው፣ የግምገማው ወረቀት፣ ተማሪው «ይቺን አንብቢልኝ» ብሎ የሚያመጣው የመብራት ሂሳብና የልጁ ትምህርት ቤት ደብዳቤ ከራሱ ጊዜ ላይ ይቆረሳል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ቦታ የሚያስተምር ብዙ ነው። እንዲህ ላለ ሰው ማስታወቂያ ለጥፎ ፈቃደኛ መጠበቅ «ቅዳሜህን ስጠን» ከማለት አይለይም። ሁለት ሰዎች መመዝገባቸው ራሱ ይገርማል።

ስለዚህ ቅስቀሳውን ይተዉትና ሥራው እንዴት እንደሚዋቀር ያስቡ። ምርምሩ አሁን ከሚሰጠው ትምህርት ውስጥ መግባት አለበት፤ ከትምህርቱ ውጪ የሚሆነው ሰዓት መከፈል አለበት፤ መምህሩም ብቻውን መሆን የለበትም።

የሰዓቱን ስሌት አስቀድሜ ላስቀምጥ፤ አለቃዎ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነውና። እናንተ ጋ አንድ የትምህርት ወቅት 10 ሳምንት ያህል ነው። ለአንድ መምህር ስድስት ስብሰባ በሁለት ሁለት ሰዓት 12 ሰዓት፣ መረጃ ለመሰብሰብና ማስታወሻ ለመያዝ በሳምንት አንድ ሰዓት ለስምንት ሳምንት 8 ሰዓት፣ መጨረሻ ላይ ለመጻፍ 4 ሰዓት፤ በድምሩ 24 ሰዓት ነው። አምስት መምህራን 120 ሰዓት ይፈጃሉ። ቡድኑን የሚመራው ሰው ስብሰባዎቹን ጨምሮ 30 ሰዓት ያስፈልገዋል። 150 ሰዓት ማለት ነው። በጀቱ 60 ብቻ ከሆነ ሁለት መምህራን ይውሰዱና የቀረውን 12 ሰዓት ለመሪው ይስጡ። 60ውን ሰዓት ለአምስት መሸንሸን ግን አምስት ያላለቀ ሥራ ያተርፍልዎታል። ውላችሁ ከማስተማር ውጪ ላለ ሥራ የተለየ የሰዓት ተመን ካለው በዚያ ይክፈሉ፤ ዋናው ነገር ክፍያው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ መታወቁ ነው።

ከገንዘቡ እኩል የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። በሰዓት የሚሠራ መምህር ተማሪ ሲቀንስ ክፍሉ ሊታጠፍበት ወይም ከሌላ ጋር ሊቀላቀልበት ይችላል። በአምስተኛው ሳምንት ክፍሉን ያጣ ሰው ምርምሩንም አብሮ ያጣል። ስለዚህ ወደ ቡድኑ የሚገቡት መምህራን ክፍላቸው እስከ ወቅቱ መጨረሻ እንደማይነካ ከኃላፊው ማረጋገጫ ይውሰዱላቸው። ሽልማትና ውድድር ግን አይሞክሩ። ሽልማት ያለበት ቦታ ያልተሳካለትን ነገር አምኖ የሚጽፍ ሰው አይገኝም፤ በዚህ ዓይነት ምርምር ደግሞ ትልቁ ትምህርት የሚገኘው ካልተሳካው ነው።

አሁን ወደ ዓይነቱ እንሂድ። የሚያስፈልግዎት ተግባራዊ ምርምር የሚባለው ነው፤ መምህሩ በራሱ ክፍል አንድ ነገር ለውጦ የሆነውን የሚያይበት። ስያሜው የመጣው ከሥነ ልቦና ባለሙያው ከርት ሌዊን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1946 ባወጣው ጽሑፍ። በ1970ዎቹ እንግሊዛዊው ሎረንስ ስተንሃውስ «መምህሩ ራሱ ተመራማሪ ይሁን» የሚለውን ሐሳብ ወደ ትምህርት ቤት አስገባው። ከዚያ በ1980ዎቹ ስቲቨን ኬሚስና ሮቢን ማክታጋርት ከእናንተ ብዙም በማይርቀው ዲኪን ዩኒቨርሲቲ ሆነው አራቱን እርምጃዎች አስተዋወቁ፦ ማቀድ፣ መተግበር፣ መመልከት፣ መለስ ብሎ ማሰብ፤ ከዚያ እንደገና ማቀድ።

የእናንተ ዘርፍ በዚህ ረገድ ባለ ታሪክ ነው። ኤ.ኤም.ኢ.ፒ. በሚል ምኅፃር የሚታወቀው የአውስትራሊያ የአዋቂ ስደተኞች እንግሊዝኛ ፕሮግራም የተጀመረው በ1948 ነው። በ1990ዎቹ በማኳሪ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ብሔራዊ የእንግሊዝኛ ማስተማርና ምርምር ማዕከል ከየክልሉ መምህራንን በቡድን እያሰባሰበ፣ እንደ አን በርንስ ያሉ ተመራማሪዎችን እያጣመረ፣ በአንድ ርዕሰ ጉዳይ ላይ አብረው እንዲሠሩ ያደርግ ነበር። ደረጃቸው የተለያየ ተማሪዎች በአንድ ክፍል ሲገኙ እንዴት ይያዛሉ የሚለው አንዱ ርዕስ ነበር፤ ዛሬም ያው ነው ችግራችሁ። ኢንግሊሽ አውስትራሊያ የተባለው የእንግሊዝኛ ኮሌጆች ማኅበርም ከ2010 ጀምሮ በካምብሪጅ የእንግሊዝኛ ፈተና ተቋም ድጋፍ ተመሳሳይ አካሄድ ተከትሏል፤ መምህራኑ ዓመቱን ሙሉ በየጊዜው እየተገናኙ ከተመራማሪ ጋር ይሠሩና ውጤቱን በማኅበሩ ጉባኤ ላይ ያቀርቡ ነበር። በሁለቱም ቦታ ሥራው የቆመው በሦስት ነገር ላይ ነው፤ ቡድን፣ ቀነ ገደብና አጠገብ ያለ አማካሪ። እናንተ ማስታወቂያ ስትለጥፉ ሦስቱም አልነበሩም።

«እኛ ተመራማሪዎች አይደለንም» የሚለው ደግሞ ከቃሉ የሚመጣ ፍርሃት ነው። በተለይ ኢትዮጵያ ውስጥ መምህር የነበሩና አሁን እናንተ ጋ በረዳትነት ወይም በአስተማሪነት የሚሠሩ ሰዎች ካሉ ይጠንቀቁ። ለእነሱ ተግባራዊ ምርምር አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በኮሌጆችና በዩኒቨርሲቲዎች ለሚያስተምሩ መምህራን በተሰጠው የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም ውስጥ ነበረ፤ በትምህርት ቤቶችም በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ በኩል ይታወቃል። ብዙዎች የሚያውቁት ግን ማኅደር ውስጥ ለሚገባ ወረቀት ተብሎ ሲሠራ ነው፤ የችግሩ መግለጫ፣ የጽሑፍ ዳሰሳ፣ ስልት፣ ትንተና፣ ማጠቃለያ፣ ከዚያ ማኅተም። «ያንን ነው የምትሉን?» ብለው ቢሸሹ አይፈረድባቸውም። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ «የጽሑፍ ዳሰሳ አይጠየቅም፣ የመጨረሻው ጽሑፍ ሁለት ገጽ ነው» ብለው በግልጽ ይናገሩ። ትከሻቸው ቀለል ሲል ያዩታል።

ትልቁ ድካም ጥያቄውን ማጥበብ ነው፤ አብዛኛው ሥራ የሚከሽፈውም እዚያው ነው። መምህር መጀመሪያ ይዞ የሚመጣው ጥያቄ «ተማሪዎቼ ለምን አይናገሩም?» ዓይነት ነው። ይህ በ24 ሰዓት አይመለስም፤ በ24 ዓመትም አይመለስም። ጥያቄው ሦስት ነገር እስኪይዝ ድረስ ይጭመቁት፦ የትኞቹ ተማሪዎች፣ መምህሩ የሚለውጠው አንድ ነገር፣ በዓይን የሚታይ ወይም በጣት የሚቆጠር ምልክት። «አራቱ ዝምተኛ ተማሪዎቼ ጥያቄ ከመጠየቄ በፊት ከጎረቤታቸው ጋር አንድ ደቂቃ ቢለማመዱ፣ መልሳቸው ከአንድ ቃል ወደ ሙሉ ሐረግ ይረዝማል ወይ?» ይህ ይሠራል። «ጥያቄ ጠይቄ ስንት ሰከንድ እጠብቃለሁ?» የሚለውም ለጀማሪ ግሩም ነው። አሜሪካዊቷ ሜሪ ባድ ሮው በሳይንስ ክፍሎች ላይ ባደረገችው ጥናት መምህራን በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ አሳይታለች፤ ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያራዝሙት የተማሪው መልስ ይረዝም ነበር። በሁለተኛ ቋንቋ የሚያስብ አዋቂ ከዚያም በላይ እንደሚያስፈልገው መገመት አይከብድም። መምህሯ ስልኳን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ አሥር ደቂቃ ትቀዳለች፣ ማታ በሰዓት መቁጠሪያ ትለካለች። የብዙ መምህር ዓይን የሚከፈተው ያን ዕለት ነው።

አንድ ምሳሌ ከሥር ከመሠረቱ ላሳይ፤ ለእናንተ ክፍልም ይሆናል። ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ቀጠሮ ያሳልፋሉ እንበል። መምህሯ የሰዓት አቆጣጠራችን በስድስት ሰዓት እንደሚለይ ሰምታለች፤ ክሊኒኩ በስልክ «ቱ» ሲል ተማሪዋ ሁለት ሰዓት፣ ማለትም ከጠዋቱ ስምንት መሆኑ ነው ብላ ትገምታለች። ግምቷ ትክክል ይሁን አይሁን ግን አልፈተሸችውም። ለመፈተሽ አሥር የተነገሩ ሰዓቶችን ታዘጋጃለች። ለእያንዳንዱ አራት የሰዓት ሥዕል ያለበት ወረቀት ይኖራል፦ አንዱ ትክክለኛው፣ አንዱ በስድስት ሰዓት የተዛነፈው፣ አንዱ ሰዓቱ ልክ ሆኖ ደቂቃው የተሳሳተ፣ አንዱ ከምንም የማይገናኝ። ተማሪዋ ትሰማለች፣ በጣቷ ትጠቁማለች፤ ማንበብም መጻፍም የለም። ስምንት ተማሪዎች ቢሆኑ 80 ምልክት ይገኛል፤ መቁጠሩ ከ20 ደቂቃ አይበልጥም።

አሁን ምልክቶቹ የት አረፉ? ስድስት ሰዓት የተዛነፈው ላይ ከሆነ ግምቷ ልክ ነበር። ነገር ግን አብዛኛው «ደቂቃው የተሳሳተ» ላይ ቢያርፍስ? ያኔ ችግሩ የሰዓት አቆጣጠር ሳይሆን የጆሮ ነው፤ «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ»፣ «ሰርቲን» እና «ሰርቲ» ተመሳስለውባቸዋል ማለት ነው። ሁለቱ ፈጽሞ የተለየ ትምህርት ይፈልጋሉ። «ኳርተር ቱ» ግን ብዙ ላያስቸግር ይችላል፤ እኛም «ለሦስት ሩብ ጉዳይ» እያልን ነው ያደግነው። ሌላም የሚታይ ነገር አለ። እዚያ አገር ዓመት የቆየ ሰው ስልኩ ላይ 2፡00 ሲያይ በአማርኛ «ስምንት ሰዓት» ይላል፤ በጽሑፍ ያየውን አይስትም፣ በጆሮ የሰማውን ግን ሳይቀይር ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ ያንኑ ፈተና በተጻፈ ሰዓት ደግማ ብታደርገው ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ከዚያ ለሁለት ሳምንት አንድ ነገር ትለውጣለች፤ ለምሳሌ እንግሊዝኛውን ሰዓት ወደ አማርኛ ማስቀየሩን ትተው ከቀኑ ክስተት ጋር ማያያዝ፣ «ቱ» ማለት ልጅ ከትምህርት ቤት ከመውጣቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው እያሉ። በስድስተኛው ሳምንት በሌሎች ሰዓቶች ትፈትናለች። ምርምር ማለት ይኸው ነው። የስዋሂሊ ተናጋሪዎች ካሉም ያቺው ወረቀት ትሠራለች፤ እነሱም እንደ እኛው ነው የሚቆጥሩት።

ስለ መረጃ አሰባሰብ ስንነጋገር በጣም የማስጠነቅቅዎ መጠይቅን ነው። መምህራን «ምርምር» ሲባሉ እጃቸው ቶሎ የሚሄደው ወደ መጠይቅ ነው፤ ለእናንተ ተማሪዎች ግን ከሁሉ የከፋው መሣሪያ እሱ ነው። ከአንድ እስከ አምስት ምረጥ የሚለው ሚዛን በትምህርት ቤት የሚለመድ ነገር ነው፤ ያልለመደው ሰው መሃሉን ወይም መጨረሻውን ያከብባል። ፈገግ ያለና የተኮሳተረ ፊት የተሳለበትም ብዙም አይረዳም። ቢገባቸውም እንኳ ይሉኝታ አለ። «ትምህርቴ እንዴት ነው?» ብላ መምህርቷ ፊት ለፊት ለጠየቀቻት ኢትዮጵያዊት እናት መልሱ አንድ ነው፤ «በጣም ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥሽ።» ይህን መቶ ጊዜ ቢቆጥሩት መረጃ አይሆንም።

መውጫው ጥያቄውን ከፍርድ ወደ ምርጫ ማዞር ነው። ባለፉት ሦስት ሳምንታት የተሠሩትን ሦስት ዓይነት ልምምዶች ፎቶ አንሥተው ሦስት ብርጭቆ ፊት ያስቀምጡ፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ አምስት የባቄላ ፍሬ ይስጡ፤ «በሚቀጥለው ሳምንት ደግመን እንድንሠራው የምትፈልጉት ላይ አብዝታችሁ ጣሉ» ይበሉ። መምህሯ ከክፍል ትውጣ። ማንንም ሳያስቀይም የተሰጠ መልስ ያገኛሉ። ከዚያ አማርኛ፣ ሶማልኛ ወይም ዳሪ የሚችል ረዳት «ይኼን ለምን መረጣችሁ?» ብሎ በቋንቋቸው አሥር ደቂቃ ያወያያቸው። እነዚህን ረዳቶች በአስተርጓሚነት ብቻ አይጠቀሙባቸው፤ ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ የቡድኑ አባል ይሁኑ፣ የሚከፈላቸውም እኩል ሰዓት ይሁን። መምህሯ ያላየችውን ግማሽ ነገር የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የድምፅ ቅጂ ጥሩ ነው፤ ግን ቃል በቃል መገልበጥ ጊዜ ይበላል። ሰዎች እየተደራረቡ የሚናገሩበትን አምስት ደቂቃ መጻፍ በቀላሉ ግማሽ ሰዓት ያልፋል። ሦስት ደቂቃ ይምረጡ፤ ሁልጊዜም ከትምህርቱ ያው ቦታ ይሁን፣ ለምሳሌ ከጥንድ ሥራው በኋላ ያለው ሦስት ደቂቃ። ሌላው ሁሉ ማስታወሻ ይበቃዋል፦ ትምህርቱ እንዳለቀ ከክፍል ሳይወጡ በአምስት ደቂቃ የሚጻፍ፣ ያዩት በግራ፣ የመሰላቸው በቀኝ። ያዩትና የመሰላቸው ሲደባለቅ በስምንተኛው ሳምንት ማንም ሊለየው አይችልም። ተማሪዎች የጻፉትንም አይርሱ፤ ለግምገማ ተብሎ የተሰበሰበው ወረቀት ራሱ መረጃ ነው፣ ለብቻው የሚሰበሰብ ሰዓት አይፈልግም። የፊደል አጻጻፍ ላይ ለምትሠራ መምህር አንድ ነገር ልጠቁማት፤ አማርኛ ማንበብ የሚችሉትንና የማይችሉትን ለየብቻ ትያቸው። በፊደላችን አንድ ምልክት ተነባቢውንም አናባቢውንም ይይዛል። በዚያ የሠለጠነ አንባቢ የእንግሊዝኛን አናባቢ ሲዘል የሚያሳየው ስሕተት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እርሳስ ከያዘ ሰው ስሕተት ይለያል። «ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች» ብሎ በአንድ መደመር ውጤቱን ያጠፋዋል።

አሁን ደግሞ ብዙ ዕቅድ የሚያፈርሰው ነገር። እናንተ ጋ ተማሪ በየሳምንቱ ይገባል፣ በየሳምንቱ ይወጣል፤ ሥራ ያገኛል፣ ትወልዳለች፣ ቤት ይቀይራሉ። መጀመሪያ ላይ ተማሪዎቹን ሁሉ ፈትኖ መጨረሻ ላይ ደግሞ ፈትኖ ማወዳደር በወረቀት ያምራል፤ በተግባር ግን ሁለቱንም ጊዜ የተፈተኑት ጥቂት ሆነው ይገኛሉ፣ እነሱም የሚበረቱት ናቸው። ከዚህ ይልቅ አራት ወይም አምስት ተማሪ ይመረጥና በየሳምንቱ ከእነሱ ትንሽ ትንሽ ይወሰድ። አንዷ ብትቀር ሦስት ሳምንት የተሰበሰበው በእጅ አለ። ሲመረጡም ጎበዞቹ ብቻ አይሁኑ።

ወደ ፈቃድ ልምጣ። መጀመሪያ መረጃው የት ድረስ እንደሚሄድ ይወስኑ፤ የሚያስፈልገው በዚያ ይለያያል። መምህሯ የራሷን ትምህርት ለማሻሻል የምታየው ከሆነ የዕለት ሥራዋ ነው፤ ለተማሪዎቹ መንገር ግን ክብር ነው። ለባልደረቦቿ የምታሳይ ከሆነ ስም ይጥፋ፣ ድምፅ ለመቅዳት እሺታ ይጠየቅ። ከተቋሙ ወጥቶ ጉባኤ ላይ የሚቀርብ ወይም የሚታተም ከሆነ ግን አንዲት ቅጂ ከመወሰዷ በፊት ተቋማችሁን የሥነ ምግባር ፈቃድ ይጠይቁ። ኋላ ተመልሶ ፈቃድ መጠየቅ አይሠራም፤ ጥሩ ሥራ ሠርተው ማቅረብ የተከለከሉ መምህራን በሁለተኛው ዓመት አይመለሱም። በአውስትራሊያ በሰው ላይ የሚደረግ ምርምርን የሚገዛው በ2007 የወጣውና ከዚያ ወዲህ የተሻሻለው ብሔራዊ መመሪያ ፈቃድ በቃል፣ በጽሑፍ ወይም በሌላ መንገድ ሊሰጥ እንደሚችል ይላል። ስለዚህ ማንበብ የማይችል ተማሪ እንግሊዝኛ ቅጽ ላይ መፈረሙ ግዴታ አይደለም። እንዲያውም ፊርማ የሚያስፈራቸው ብዙ ናቸው፤ ከየመጡበት አገር መፈረም ምን እንደሚያመጣ ያውቃሉ። ያው መመሪያ ተማሪና መምህር ዓይነት እኩል ያልሆነ ግንኙነት የተለየ ጥንቃቄ እንደሚያሻውም ያስቀምጣል። በአጭሩ፣ ጠያቂዋ መምህሯ ራሷ አትሁን።

ሲተረጎም አንድ ቃል ላይ ይጠንቀቁ። «ሪሰርች» የሚለውን ቸኩሎ «ምርመራ» የሚል አስተርጓሚ ያጋጥማል። ምርመራ ለእኛ ሰው ወይ የሐኪም ነው ወይ የፖሊስ። «ምርምር»ም ለጆሮ ቅርብ ነው፤ «ጥናት» ማለት ይሻላል። የሚነገረው ይህን ያህል ቢሆን ይበቃል፦

«መምህራችን የምታስተምርበትን መንገድ ለማሻሻል ትንሽ ጥናት እያደረገች ነው። ሐሙስ ሐሙስ የክፍሉን ድምፅ አሥር ደቂቃ ትቀዳለች። የሚሰሙት እሷና አብረዋት የሚያጠኑት አራት ሰዎች ናቸው። ስምዎ የትም አይጻፍም። ከቪዛ፣ ከሴንተርሊንክ (ከመንግሥት የድጎማ ክፍያ ቢሮ)፣ ከፈተና ውጤት ጋር ምንም አይገናኝም። አልፈልግም ማለት ይችላሉ፤ ትምህርትዎ እንደነበረው ይቀጥላል። ዛሬ እሺ ብለው በሚቀጥለው ሳምንት መተውም ይችላሉ። ያልገባዎት ነገር አለ?»

ከዚያ እጅ አያስወጡ። ሰው ባለበት እጅ አለማውጣት ነውር ነው፤ ይሉኝታው እዚህም ይሠራል። ሁለት ቀለም ካርድ ይስጡና ሲወጡ አንዱን ሣጥን ውስጥ ይጣሉ፤ ማን ምን እንደጣለ የሚያውቀው ረዳቱ ብቻ ይሁን። አልፈልግም ያለችው ተማሪ በሚቀዳበት ሰዓት ከመሣሪያው ርቃ ትቀመጥ፣ የእሷ ድምፅ ከገባም አይጻፍ። ቋንቋውን የሚችል ረዳት ከሌለ የመንግሥት የስልክ አስተርጓሚ አገልግሎት የሆነው ቲስ ናሽናል አለ። ቅጂው በመምህሯ የግል ቴሌግራም ወይም ዋትስአፕ አይላክ፤ በተቋሙ ኮምፒውተር ይቀመጥ፣ የሚጠፋበት ቀንም ዛሬውኑ ይወሰን። ሌላም አለ፦ «ወደዚህ አገር እንዴት መጣችሁ?» የሚል የንግግር ርዕስ ለመረጃ ተብሎ አይሰጥ። በሱዳን፣ በሊቢያ ወይም በባሕር የመጣ ሰው ስለ ግሥ ጊዜያት ጥናት ተብሎ ያን እንዲያወራ መደረግ የለበትም። ስለ ገበያና ስለ ምግብ አሠራር የሚያወራው ያው ኃላፊ ጊዜ ነው።

ስድስቱ ስብሰባዎች እንዲህ ቢደለደሉ ይመቻል። በመጀመሪያው ሳምንት ችግሩ ይወራል፤ ማጉረምረም ይፈቀድ፣ ጥያቄው የሚወጣው ከዚያው ነው። በሁለተኛው ሳምንት ጥያቄው ይጠብባል፣ የፈቃዱም ነገር ያልቃል። በአራተኛው ሁሉም የመጀመሪያውን ጥሬ መረጃ ይዞ ይመጣል። ይህ ስብሰባ ወሳኝ ነው። መረጃን እያጠራቀሙ ሳያዩ መቆየት የተለመደ በሽታ ነው፤ ስምንት ሳምንት የተጠራቀመ ቅጂ ማንም አይከፍተውም። አንዲት ገጽ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ባለቤቷ ዝም ብላ ሌሎቹ ያዩትን ይናገሩ፣ ከዚያ እሷ ትናገር። በስድስተኛው ሳምንት ለውጡ ይሠራል አይሠራም ይባላል፣ ካልሠራ ይቀየራል። በስምንተኛው ውጤቱ ይታያል። በአሥረኛው ሁለቱ ገጽ ይጻፋል፤ ቤት የሚወሰድ ሥራ አይሁን፣ እዚያው ተቀምጠው ይጻፉት።

የቡድኑ መሪ ማን ይሁን ለሚለው፣ እርስዎ የመምህራኑን የሥራ አፈጻጸም የሚሞሉ ከሆነ እርስዎ አይሁኑ። አለቃ ባለበት «ይኼ አልሠራልኝም» የሚል መምህር የለም፤ በሰዓት የሚሠራው ደግሞ ጭራሽ አይተነፍስም። ከዩኒቨርሲቲ አማካሪ ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጥያቄውም መረጃውም የመምህሩ እንደሆነ፣ የሚታተም ነገር ካለም የመምህሩ ስም እንደሚቀድም አስቀድሞ በጽሑፍ ይስማሙ። መረጃ ሰብሳቢ ሆነው የቀሩ መምህራን በየቦታው አሉ፤ ሁለተኛ አይሞክሩም። የእርስዎ ድርሻ ክፍሉን፣ ሰዓቱንና ክፍያውን መጠበቅ ነው።

ሁለቱ ገጽ አምስት ነገር ይያዝ፦ ጥያቄው፣ ክፍሉ፣ የተለወጠው ነገር፣ የታየው፣ ሌላ መምህር ሰኞ ጠዋት ሊሞክረው የሚችል አንድ ነገር። በመምህራን ስብሰባ ለእያንዳንዱ 15 ደቂቃ ይስጡ። ከዚያ የተገኘው ነገር ከሥርዓተ ትምህርታችሁ ወይም ከጋራ የማስተማሪያ ማኅደራችሁ ውስጥ ቢያንስ አንድ ቦታ ይግባ፤ ያቺ የሰዓት ወረቀት ለምሳሌ የጀማሪ ክፍል ሁሉ መጠቀሚያ ትሁን። ከምስክር ወረቀት ይልቅ መምህርን የሚያበረታው በሚቀጥለው ወቅት የእሱን ወረቀት ሌላ ክፍል ውስጥ ማየቱ ነው። ወደ ውጭ ማቅረብ ለሚፈልግ እዚያው የቪክቶሪያ ክልል የእንግሊዝኛ መምህራን ማኅበር የሆነው ቪክቴሶል አለ፤ ማንበብና መጻፍ ገና በሚማሩ አዋቂዎች ላይ የሚያተኩረው ሌስላ የተባለው ዓለም አቀፍ መድረክም ከ2005 ጀምሮ መምህራንንና ተመራማሪዎችን አብሮ ይሰበስባል። ማንንም ግን አያስገድዱ።

መቼ ይጀመር? የመጀመሪያው ወቅት ምዝገባ ያልረጋበት ነው፣ የመጨረሻው የሪፖርት ጊዜ ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ያድርጉት፣ አራት ሳምንት ቀደም ብለው ሰዓቱን ያስፈቅዱ። ማስታወቂያ አይለጥፉ፤ ለየብቻ ይጠይቁ። ከሁሉ በፊት ያቋረጡትን ሁለቱን ያነጋግሩ። ለምን እንዳቋረጡ አይጠይቋቸው፤ የት እንደደረሱ ይጠይቋቸው። ምናልባት ሦስት ቅጂና የአንድ ወር ማስታወሻ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል። የተማሪዎቹ እሺታ ለክፍሉ መምህር ብቻ ከነበረ ቅጂው መሳቢያው ውስጥ ይቅር፤ ለባልደረቦችም የተጠየቀ ከነበረ ግን ያንን ይዘው በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ይቀመጡ፣ ያጠፉትም ሰዓት ከ24ቱ ላይ ይቆጠርላቸው።